መብራቱ መጣ፣ እንቁላሉ የት ሄደ?

ባለፈው ሐሙስ ማታ ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ፒያሳ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህን መንገድ ሃያ ስድስት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ሥራዬ እርማት ነው። ጋዜጣ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻውን ገጽ አንብባ «ይለፍ» ብላ የምትፈርመው ሴት እኔ ነኝ፤ በማግስቱ ስሕተት ሲገኝ መጀመሪያ የምትጠራውም እኔው ነኝ። ጋዜጣ ደግሞ በቀን አይዘጋም። ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ አራት ሰዓት ይሆናል፣ አንድ ዜና ዘግይቶ ከገባ አምስት ሰዓትም ያልፋል። ቤቴ ያኔ ሠራተኛ ሰፈር ስለነበር ታክሲ ስጠብቅ ከምቆም እያልኩ በእግሬ አዘግም ነበር። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶኝ ጀሞ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ዛሬም ሥራ ስጨርስ እግሬ ወደ ፒያሳ ነው የሚያዘነብለው። ለልጄ «የጀሞ ታክሲ ከዚያ ይሻላል» እላታለሁ። እሷም አታምነኝም።

ሴት ልጅ በአምስት ሰዓት ሌሊት ብቻዋን? የምትሉ ትኖራላችሁ። እናቴም ነፍሷን ይማረውና ትለኝ ነበር። መልሴ ያኔም አሁንም አንድ ነው፤ ብቻዬን አልነበርኩም። አራት ኪሎ ላይ ሲጋራና ማስቲካ በደረቱ ያንጠለጠለ ልጅ አለ። ድልድዩ ጋ ስደርስ እርጥብ የምትጠብሰው ሴትዮ አለች። ዳገቱን ወጥቼ ወደ ሲኒማ አምፒር ስጠጋ የእንቁላል ባልዲ ይዘው የሚቆሙ ሁለት ልጆች አሉ። ክረምት ከሆነ ደግሞ በየመታጠፊያው እሸት የሚጠበስበት ፍም አለ። ከአንዱ ዓይን ስወጣ ሌላው ይቀበለኛል። አንድ ሌሊት አንድ ሰካራም ከድልድዩ ጀምሮ ተከትሎኝ፣ የእርጥቧ ሴትዮ ጭልፋዋን እንደያዘች ከመቀመጫዋ ተነሥታ «አንተ! ወዴት ነው?» ስትለው የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የመንገድ መብራቱ ሦስት ምሰሶ ጨልሞ አንዱ የሚበራ ዓይነት ነበር። እኔ የምሄደው ከፍም ወደ ፍም ነበር።

አሁን መብራት አለ። የመብራት ችግር የለም፤ እንዲያውም የዛፎቹ ግንድ ሳይቀር ተጠምጥሞበታል። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ይህን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ለውጦታል፤ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየምም ፒያሳ ላይ ተመርቆ ቆሟል። ስለ ድሮው ጭቃ ግጥም ከሚጽፉት ወገን አይደለሁም። በ1998 ክረምት ክዳን በሌለው ቦይ ውስጥ ገብቼ የፊት ጥርሴን ግማሹን እዚያው ትቼ ወጥቻለሁ፤ ስስቅ አፌን በእጄ የምሸፍነው ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው፣ ደልዳላ ነው፣ ታኮ አይነክስም። አግዳሚ ወንበር አለ። መጸዳጃ ቤት አለ፤ ይህን ወንዶች አንባቢዎቼ እንደ ቀላል ነገር ሊያልፉት ይችሉ ይሆናል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከቢሮ ሲወጡ ውኃ ላለመጠጣት የሚጠነቀቁ ሴቶች ግን አያልፉትም።

ነገር ግን እየሄድኩ ቆጠርኩ። ቆጠራ የሙያ በሽታዬ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ የሚጠበስ ነገር አልሸተተኝም፣ አንድም ፍም አላየሁም። ሰው አለ፤ ቤተሰብ ይንሸራሸራል፣ ወጣቶች ፎቶ ይነሣሉ፣ አንዳንዱ ቱታ ለብሶ ስፖርት ይሠራል። ቆም የሚያደርግ ነገር ግን የለም። ሁሉም እየሄደ ነው።

የሚገርመኝ ነገር አለ። እኛ ሀገር መንገድ ላይ መብላት ነውር ነበር፤ ለብዙ ሰው ዛሬም ነው። ምግብ በር ተዘግቶ፣ ከሰው ዓይን ተሸሽጎ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ሰው ቤት መብላት ራሱ እንግዳ ነገር እንደነበር የጣይቱ ሆቴል ታሪክ ይነግረናል። እቴጌይቱ ሆቴሉን ሲከፍቱ ደንበኛ ጠፍቶ፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አሳዩ ይባላል። እንግዲህ ገንዘብ ከፍሎ መብላትን በንጉሥ አስጀማሪነት ለመድነው። ቆሞ መጠጣትን ደግሞ ከጣልያን። ቶሞካ በፈረንጆቹ 1953 ተከፍቶ ረጃጅም ጠረጴዛዎቹን ሲደረድር ወንበር የሌለው ቡና ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ብዙ ነበር። አክስቴ እኔ ወስጃት አንድ ጊዜ ገብታ፣ ሲኒዋን ጨብጣ ዙሪያዋን አየችና «ቆሞ ቡና የሚጠጣ ለቅሶ የረፈደበት ሰው ነው» አለችኝ። አቦል ጠጥታ ቶናና በረካውን የት እንደሚሰጡ መጠየቋንም አልረሳም።

መንገድ ላይ መብላትን ግን ማንም አላስተማረንም፤ ጨለማው ነው ያለመደን። ልብ ብላችሁ ከሆነ የአዲስ አበባ የመንገድ ምግብ የሚደምቀው ሲመሽ ነው። ቀን ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ አለ፤ እሱንም ተማሪና የቀን ሠራተኛ ነው እያኘከ የሚሄደው። ከረባት ያሰረው ሰውዬ እንቁላል የሚያስልጠው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ያኔም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። በአምፒር በኩል ባለው ግንብ ሥር፣ ፊልም ሲያልቅ፣ ስድስት ሰባት ሰው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ተደርድሮ ሲበላ ለማያውቅ ሰው ሌላ ነገር የሚያደርጉ ነበር የሚመስለው። እኔም ከመሐላቸው ነበርኩ። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አጠገቤ ቆሞ፣ ሚጥሚጣው አስነጥሶት፣ ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሁለታችንም ሰላምታ ሳንለዋወጥ ተመልሰን ወደ ግድግዳው ዞርን። በማግስቱ ቢሮ ስንገናኝ ከወትሮው የበለጠ ነው ያከበረኝ።

እርጥብን ለማያውቅ ልንገረው። ስሙ ከሥራው ነው የመጣው፤ ደረቅ ዳቦ ረጥቦ የሚበላበት ነው። የድልድዩ ሴትዮ ስትሠራ ቆሜ ያየሁት ስንት ጊዜ ነው። ድንቹን ቀን ልጣና ጣት አሳክላ ከትፋ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ነው የምታመጣው። ብረት ድስቱ ከሰል ላይ ነው። ዘይቱ ሲግል አንዲት ፍሬ ትጥልበታለች፤ ጮኸች ማለት ደርሷል። ዳቦውን በሆዱ በኩል ትሰነጥቀዋለች፤ እስከ መጨረሻው አይደለም፣ ጀርባው እንደ መጽሐፍ መያያዝ አለበት። መጀመሪያ የቲማቲምና የሽንኩርት ስልሱን ታስገባለች፤ ስልሱ ከታች ካልሆነ ዳቦው አይረጥብም። ከዚያ ድንቹን በጭልፋ ታጭቃለች። ከላይ ዳጣ። ከዚያ ቀና ብላ ታየኝና «ይብዛ?» ትላለች። በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ በየቀኑ «ይብዛ» እላለሁ፣ አንድ ቀን እንኳን ሳትጠይቀኝ አልጨመረችም። ቃሪያ ሰንጥቃ ትሰካበትና በወረቀት ጠቅልላ ትሰጠኛለች።

ወረቀቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ያረጀ ጋዜጣ ነው፤ እና አንድ ቀን ዳቦዬን ግማሽ አድርሼ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ የራሴ ጋዜጣ፣ የራሴ ገጽ፣ እኔ «ይለፍ» ያልኩት ርዕስ ሆኖ አገኘሁት። ሁለተኛው ቃል ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። ስምንት ወር ሙሉ ማንም አላየውም። ሴትዮዋን «ይህን ወረቀት ከየት አመጣሽው?» ስላት ደንግጣ «ምነው እትዬ፣ ቆሻሻ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቆሻሻ አይደለም አልኳት፣ ስሕተት ነው። ዘይት የነካውን ርዕስ አጣጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት፤ ለማንም አላሳየሁም፣ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

አንድ የውጭ ሰው እርጥብ ለምን እንዲህ እንደተስፋፋ ቢጠይቀኝ «የጾም ነው» ብዬ እጀምራለሁ። ድንች፣ ዘይት፣ ቲማቲም፣ ዳቦ፤ ረቡዕ ዓርብም ሆነ ሁዳዴ ይበላል። እንቁላል ግን የቀን መቁጠሪያ የሚከተል ንግድ ነው። ዓርብ ማታ የእንቁላል ልጆቹ ባልዲ ግማሹ ይመለሳል፤ ሁዳዴ ሲገባ ባልዲው ወደ ለውዝና ቆሎ ይቀየራል፤ የፋሲካ ለት ማታ ደግሞ ሰው ሁሉ ዶሮውን ሲበላ እነሱ እረፍት ላይ ናቸው። በቆሎው ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም ይገዛል። በለስ በመሐል ብቅ ብሎ ይጠፋል። የዓመቱን ወር በዚህ መንገድ ላይ በአፍንጫዬ ነበር የማውቀው። አሁን ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሸተኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ በማለዳ የሚታጠብ ድንጋይ።

ካፌው አለ አይደል? ትሉ ይሆናል። አለ። ለፒያሳ ካፌ ክፉ አይወጣኝም። ኤንሪኮ ኬክ ቤት በደህናው ጊዜ በማለዳ ካልተገኘህ ሚልፎዩ አልቆ ታገኘው ነበር፤ ብዙ ባለሥልጣን ባዶ እጁን ሲመለስ አይቻለሁ፣ ደስ የሚል እኩልነት ነበር። «ማህሙድ ጋ እንገናኝ» ተባብለን ሙዚቃ ቤቱ ደጅ ከተገናኘን በኋላ ወደ አንዱ ካፌ ገብተን ጠቆር ያለ ማኪያቶ ይዘን ሦስት ሰዓት ስንቀመጥ አስተናጋጁ አይገላምጠንም ነበር። ግን ካፌ የሌሊት ፍጥረት አይደለም። እኔ ስወጣ እሱ ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ወለል እያጠበ ነው። ዋጋውም እንዲሁ ነው፤ ደህና ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ በምጠጣበት ገንዘብ ውጭ ሁለት እንቁላል በልቼ ጀበና ቡና እደግምበት ነበር። እኔስ ደመወዝ አለኝ፤ የሕንፃው ጥበቃ፣ አዳሯን የምትገባ ነርስ፣ የስድስት ኪሎና የአራት ኪሎ ተማሪ፣ ፌርማታ ሲጣራ የዋለ የታክሲ ረዳት ምን ይብሉ? እራታቸው ነበር እኮ፤ መክሰስ አይደለም።

ከተማው በ2017 ያወጣው ደንብ በኮሪደሩ ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት እንዲሆኑ ያዛል። ጥሩ ነው፤ ከተማ በሁለት ሰዓት መተኛት የለበትም የሚለውን ሐሳብ እኔም እፈርምበታለሁ። ግን ደንቡ የሚያውቀው በር ያለውን ነው። በር ያለው እንዲከፍት ይገደዳል፣ በር የሌለው እንዲነሣ ይገደዳል። የሌሊቱን ንግድ በባዶ ሜዳ የጀመረው፣ ማንም ሳያዘው ያመሸው፣ በር የሌለው ነበር። እርማት ላይ እንዲህ ያለውን ነገር «አዛውር» ብለን በቀይ እናከብበዋለን፤ ቃሉ ትክክል ነው፣ ቦታው ነው የተሳሳተው።

ከዚህ ሰፈር ሻጭ ሲነሣ የመጀመሪያው እንዳልሆነም አውቃለሁ። ፒያሳ ፒያሳ ከመባሉ በፊት አራዳ ነበር፤ ገበያው ጊዮርጊስ ሥር ይቆም ነበር፤ ጣልያን ነው አንሥቶ መርካቶ የወሰደው። የተነሣው ገበያ መርካቶን አህሎ አረፈ። የእርጥቧ ሴትዮ ግን ብረት ድስቷን ይዛ የት እንዳረፈች አላውቅም። ስልኳን ተቀብያት አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት በየሌሊቱ ለምታገኘው ሰው ስልክ ምን ያደርጋል?

ንጽሕና ነው ችግሩ ይላሉ የሥራ ባልደረቦቼ። ውሸት አይደለም። ዘይቱ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ የጠቆረበት ጊዜ ነበር፤ ብር የቆጠረ እጅ ዳቦ ይሰነጥቃል። ይሁንና ሆዴን ታምሜ ሦስት ቀን የተኛሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የመስታወት በር ካለው፣ አስተናጋጁ ጓንት ከሚያጠልቅበት ቤት ሰላጣ በልቼ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም። ልል የፈለግኩት፣ መንገድ ላይ ሲሠራ ዘይቱን ታየዋለህ፣ እጁን ታየዋለህ፣ ካልጣመህ ታልፋለህ። ጓዳ ውስጥ ግን በእምነት ነው የምትበላው።

ደግሞም መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የቀደመው ትርምስ ይመለስ የሚል የለም፤ እኔም ቦዩ ላይ በተነጠፈ ጣውላ መራመድ አልናፈቀኝም። የምለው፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሰፊው የእግር መንገድ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ባሉበት፣ በቀለም የተሰመረ ቦታ ይሰጣቸው። መጸዳጃው አጠገብ ውኃ አለ፤ አንድ ቧንቧ ወደ ውጭ ይውጣ። የቆሻሻ መጣያው ቆሟል። ጋውን ይልበሱ፣ የጤና ምርመራ ያድርጉ፣ ዘይት በየቀኑ ይቀየር፣ ያላደረገ ይነሣ። ኪራይም ይክፈሉ፤ ድሮ በአንድ ሌሊት ለአንድ ሰው ሳይሆን ለብዙ ሰው ሲከፍሉ አውቃለሁና አንድ ቦታ በደረሰኝ መክፈል ቅናሽ ነው የሚሆንላቸው። ሲነጋ ድንጋዩ ይታጠብ፤ መታጠቡ እንደሆነ አልቀረም።

ባለፈው ሐሙስ እንግዲህ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ አምፒር አካባቢ ደረስኩ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ላላ ላላ ሳደርግ አንድ ልጅ የላፕቶፕ ቦርሳ በትከሻው አንግቶ በፊቴ አለፈ። ሃያ ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ መነጽር ሁሉ አድርጓል። ተማሪ ነው አልኩ። ትንሽ አልፎ ተመለሰና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መንገዱ እያየ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ፣ «ማዘር፣ እንቁላል?» አለኝ።

ቦርሳውን ዚፑን ገፋ አድርጎ አሳየኝ። ላፕቶፕ በሚቀመጥበት ስፖንጅ ባለው ክፍል ውስጥ እንቁላሎቹ በፎጣ ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ ሙቀታቸው እጄ ድረስ መጣ። ለቻርጀር በተሠራችው ኪስ ሚጥሚጣ በትንሽ ፌስታል አለ። «ሁለት» አልኩት። አጠገቤ ተቀመጠ፤ እናትና ልጅ እንመስላለን። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ በአውራ ጣቱ ሰንጠቅ አድርጎ ላጠው፣ ለሁለት ከፈለው፣ ሚጥሚጣውን ነሰነሰና በናፕኪን አድርጎ በጉልበቱ በኩል አሾልኮ ሰጠኝ።

እንደ ልማዴ ወደ ግድግዳው ልዞር ብል ግድግዳ የለም። ከኋላዬ መብራት የተጠመጠመበት ዛፍ፣ ከፊት ለፊቴ መብራት፣ ከላዬ መብራት። ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር እያለፈ አየኝ፣ እንቁላሉን አየ፣ ከዚያ ልጁን አየና እርምጃውን ገታ አደረገ። ሚስቱ ክንዱን ሳበችው። እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ሁሉ ብርሃን ቁጭ ብዬ ሁለቱንም በላኋቸው።

ብሩን ስሰጠው ልጁ አልተነሣም። መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀኝ። መልስ የምጠብቅ መስሎት ይሆናል ብዬ «ይበቃል፣ ውሰደው» አልኩት።

«ብሩን አይደለም ማዘር» አለኝ፣ ቀሚሴ ላይ የወደቀችውን አንዲት ስባሪ በጣቱ እያሳየኝ። «ልጣጯን ስጪኝ።»

ሰጠሁት። ፎጣው ውስጥ ከተታት፣ ዚፑን ዘጋ፣ አግዳሚውን በናፕኪኑ ጠረግ ጠረግ አደረገና መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ጊዮርጊስ አቅጣጫ ሄደ።